የአቃቂ ናይትሮጅን በየትኛው መዝገብ ተጻፈ?

አቃቂ ቃሊቲ ላይ የብክለት ነገር ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ወደ ብዙ አቅጣጫ ነው። የወንዝ ዳር ነዋሪው ቆዳ ፋብሪካውን ይከሳል። ፋብሪካው ደግሞ ከመሀል ከተማ የሚወርደውን ፍሳሽ ያሳያል። ወንዙን ጠልፎ ሰላጣና ቆስጣ የሚያለማው ገበሬ ከሁለቱም ተበድያለሁ ይላል፤ ሸማቹ በበኩሉ ገበሬውን ይጠረጥራል። ይህ ክርክር አሥርተ ዓመታትን ያስቆጠረ ነው። በቅርብ ጊዜ ግን ሌላ ጥያቄ ተጨምሮበታል፦ የእኛ ኢንዱስትሪ ለዓለም ሙቀት መጨመር ያለው ድርሻ ምን ያህል ነው? ኢኮኖሚያቸው እንደኛ ትንሽ ከሆነ አገሮች ጋር ስንነጻጸርስ የት ላይ ነን?

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ጋዝና በአንድ አገር በኩል ያየዋል። ጋዙ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ አገሯ ዚምባብዌ ናት። ኢትዮጵያ በሕዝብ ብዛት ከዚምባብዌ ብዙ እጥፍ ብትበልጥም ሁለቱም በዓለም ገበያ ሚዛን ትንንሽ ኢኮኖሚዎች ናቸው፤ ሁለቱም ገበሬያቸውን በማዳበሪያ ለመደገፍ የሚታገሉ ናቸው። በልቀት መዝገብ ላይ ግን «የኢንዱስትሪ ናይትረስ ኦክሳይድ» የሚለው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ፍጹም ይለያያሉ። ዚምባብዌ የምታስመዘግበው ትልቅ ምንጭ አላት። እኛ ለማዳበሪያ ናይትሪክ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ ስለሌለን ዋናው ምንጭ ባዶ ነው። ይህን አይቶ «እኛ ንጹሕ ነን፣ እነሱ በካይ ናቸው» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ረድፉ የሚናገረው ገበሬው ማሳው ላይ ምን ዓይነት ማዳበሪያ እንደሚበትን ነው። የፋብሪካዎቻችንን ንጽሕና የሚመሰክር አንድም ቃል የለበትም።

መጀመሪያ ጋዙን ከስም ዘመዶቹ እንለየው። ቃሊቲ መናኸሪያና ጉምሩክ አካባቢ ከከባድ መኪና ጭስ ጋር የሚወጣው፣ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥለው፣ ሲበዛ ቡናማ የሚመስለው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሌላ ጋዝ ነው። ጉዳቱ የአካባቢ ነው፤ በቀናት ውስጥ ከአየር ይጠፋል። ናይትረስ ኦክሳይድ ቀለም የለውም፤ ከወንዝም ከፋብሪካም በሚወጣበት መጠን አይሸትም፤ አያሳክክም። ሐኪም ቤት ለማደንዘዣ የሚውለው፣ «የሚያስቅ ጋዝ» የሚባለው እሱ ነው። አቃቂ ድልድይ ላይ ቆሞ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው የሚሸተው በዋናነት ሃይድሮጅን ሰልፋይድና አሞኒያ ነው። ናይትረስ ኦክሳይዱ በዚያው ሰዓት ከዚያው ውሃ ቢወጣም ማንም አያውቀውም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፦ አየር ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል፤ አንዱ ኪሎ በመቶ ዓመት ስሌት 265 ወይም 273 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ሙቀት ያምቃል። ከዚህም በላይ የኦዞን ሽፋንን ከሚጎዱ ጋዞች መካከል ዛሬ በሰው እጅ ከሚለቀቁት ቀዳሚው እሱ ነው። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት በአየር ውስጥ የነበረው መጠን ከቢሊዮን 270 እጅ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ335 አልፏል። ሰው ከሚለቀው ውስጥ ወደ ሦስት አራተኛው የሚመጣው ከእርሻ ነው። ኢንዱስትሪ ድርሻው አነስተኛ ነው፤ ሆኖም በጥቂት ፋብሪካዎች የተከማቸ ስለሆነ ለመቀነስ ከሁሉም ይቀላል።

ፋብሪካው ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። አሞኒያ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከፕላቲኒየምና ከሮዲየም በተሸመነ እንደ ወንፊት ያለ ቀጭን መረብ ላይ ይነፍሳል። መረቡ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ ቀልቷል። ጋዙ በዚያ መረብ ውስጥ የሚያልፈው በሰከንድ ሽራፊ ሲሆን አብዛኛው አሞኒያ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል፤ እሱም ከተጨማሪ አየርና ከውሃ ጋር ናይትሪክ አሲድ ይሆናል። ጥቂቱ አሞኒያ ግን መንገድ ስቶ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ይህ ለአሲዱ አምራች ትልቅ ኪሳራ አይደለም፤ ትርፍም የለውም፤ የማይፈለግ ተረፈ ምርት ነው፤ ለዚህም ነው ለረጅም ዘመን ማንም ዞር ብሎ ያላየው። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በ2006 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ መሠረት መካከለኛ ግፊት ያለው ፋብሪካ ምንም መቀነሻ ካልተገጠመለት ለአንድ ቶን ናይትሪክ አሲድ 7 ኪሎ ያህል ናይትረስ ኦክሳይድ ይለቃል። ለናይለን ክር የሚያገለግለው አዲፒክ አሲድ የሚለቀው ደግሞ በቶን 300 ኪሎ ነው፤ እንዲህ ያለው ፋብሪካ ግን የትልልቅ ኢኮኖሚዎች ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አያስፈልገንም።

ዚምባብዌ ውስጥ ከሐራሬ ወደ ቡላዋዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ክዌክዌ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ያለው ሴብል ኬሚካልስ የአገሪቱ ብቸኛ የአሞኒየም ናይትሬት አምራች ነው፤ አቅሙ በዓመት 240 ሺህ ቶን ነው። ታሪኩ ከኛ አገር አንባቢ ጋር የሚነካካበት ነጥብ አለው፤ ፋብሪካው ለአሥርተ ዓመታት ሃይድሮጅኑን የሚያገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ አልነበረም፤ ውሃን በኤሌክትሪክ በመሰንጠቅ ነበር። ዛሬ «አረንጓዴ አሞኒያ» እየተባለ በየጉባኤው የሚነሳው፣ ኢትዮጵያም በግድቦቿ ልታመርተው እንደምትችል የሚነገርላት ዘዴ ማለት ነው። እነሱ ከካሪባ ግድብ ጭምር በሚመጣ ኃይል ይህን ሲሠሩ ከኖሩ በኋላ፣ በ2015 በኃይል እጥረትና በዋጋ ምክንያት የመሰንጠቂያው ክፍል ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ አሞኒያው ከደቡብ አፍሪካ በባቡር ይገባል። አሞኒያው ከውሃም ተገኘ ከጋዝ፣ ቀጥሎ በፕላቲኒየም መረብ ላይ ሲያልፍ የሚለቀው ናይትረስ ኦክሳይድ ግን ያው ነው። «አረንጓዴ» የሚለው ቅጽል ስለ አሞኒያው ብቻ እንጂ ስለ አሲዱ የሚናገረው ነገር የለም። ይህን አገራችን ውስጥ ስለ አረንጓዴ ማዳበሪያ የሚያስቡ ሰዎች ልብ ቢሉት እወዳለሁ።

የዚምባብዌ ገበሬ በቆሎው ጉልበት ላይ ሲደርስ የሚጨምረው ማዳበሪያ በልማድ አሞኒየም ናይትሬት ነው። የእኛ ገበሬ በዚያው ሰዓት የሚጨምረው ዩሪያ ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ናይትሪክ አሲድ መንገዱ ላይ የለም። ድሮ ዳፕ፣ አሁን ኤንፒኤስ የምንለው የመዝሪያ ጊዜ ማዳበሪያም እንዲሁ አሲዱን አይፈልግም። እንግዲህ «ማዳበሪያውን ከውጭ ስለምናስገባ ጭሱን ለሌላ አገር ትተነዋል» የሚለው ክስ እንኳ ናይትረስ ኦክሳይድን በተመለከተ ብዙም አይይዘንም። የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ነገር ግን ይይዘናል። ዩሪያው የሚመረትበት አገር ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ያቃጥላል።

አንድ ኩንታል ይዘን እንቁጠር። መቶ ኪሎ አሞኒየም ናይትሬት ለመሥራት ወደ 79 ኪሎ ናይትሪክ አሲድ ያስፈልጋል። ፋብሪካው መቀነሻ ካልገጠመ በዚህ ብቻ ግማሽ ኪሎ የሚያልፍ፣ ወደ 0.55 ኪሎ ናይትረስ ኦክሳይድ ይወጣል። ኩንታሉ ማሳ ላይ ሲበተን ደግሞ በውስጡ ያለው 34.5 ኪሎ ናይትሮጅን አንድ በመቶው በአፈር ባክቴሪያዎች አማካይነት ወደ ጋዙ ይለወጣል ተብሎ ይሰላል፤ ይህም በጋዙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲጨመርበት 0.54 ኪሎ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ማለትም ገበሬው ጆንያውን ሳይፈታ፣ እርሻው ከሚለቀው እኩል የሆነ ጋዝ ፋብሪካው ላይ ቀድሞ ወጥቷል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዞ የሚለቀው ማሳ ላይ ብቻ ነው፤ 0.72 ኪሎ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስሌት ከ190 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ። ለአንድ ኪሎ ናይትሮጅን ሲሰላ የክዌክዌው መንገድ የኛን እጥፍ ይለቃል፤ ግማሹ ግን በፋብሪካ መሣሪያ ሊጠፋ የሚችል ነው፤ የኛው ሙሉ በሙሉ አፈር ውስጥ ነው ያለው። ዩሪያም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ በደረቅ ሰዓት ከላይ ከተበተነ አሞኒያው ተንኖ ይሄዳል፣ ገበሬው ገንዘቡን ያጣል፣ የተነነው ሌላ ቦታ ወርዶ ዳግም ጋዝ ይሆናል።

በአገር ደረጃ ስናየው ልዩነቱ ይገለበጣል። ሴብል በሙሉ አቅሙ ቢሠራና ምንም መቀነሻ ባይኖረው፣ ከላይ ባለው ስሌት በዓመት 1,300 ቶን ገደማ ናይትረስ ኦክሳይድ ይለቅ ነበር፤ ከ350 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን። ፋብሪካው ከዚያ አቅም በታች ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ይህ የላይኛው ጣሪያ ነው። ኢትዮጵያ በቅርብ ዓመታት 20 ሚሊዮን ኩንታልና ከዚያ በላይ ማዳበሪያ አስገብታለች። ከ20 ሚሊዮኑ ግማሹ ዩሪያ፣ ግማሹ 19 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ኤንፒኤስ ነው ብለን ብናሰላው፣ ከማሳ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ 10 ሺህ ቶን ገደማ ይሆናል። በዚህ ላይ በግጦሽ ሜዳ የሚወድቀው የከብት እበትና ሽንት አለ፤ እሱ ከማዳበሪያውም ይበልጣል። የኢንዱስትሪው ረድፍ ባዶ መሆኑ የአገሪቱን ድምር ብዙም አይነካውም።

በ2011 የወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ይህንኑ በሌላ አነጋገር አስቀምጦታል። በ2010 የአገሪቱ ጠቅላላ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ሆኖ ሲሰላ የከብት ሀብት 65፣ የሰብል እርሻ 12፣ ኢንዱስትሪ ግን 4 ሚሊዮን ቶን ብቻ ነበር የደረሰው። ከኢንዱስትሪው ግማሽ የሚሆነውም ሲሚንቶ ነበር። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረትና ምግብ ፋብሪካዎች በዚያ አራት ሚሊዮን ውስጥ ከሲሚንቶው ኋላ ተሰልፈው ነው የሚገኙት።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ከአቃቂ ፋብሪካዎች የሚወጣው ናይትሮጅን የት ተጻፈ? ምክንያቱም ናይትሮጅን በብዛት አለ። ቆዳ ፋብሪካ ጠጉር ሲያራግፍ የሚያጥበው ፕሮቲን ናይትሮጅን ነው፤ ኖራውን ከቆዳው ለማውጣት የአሞኒየም ጨው ይጠቀማል። ጨርቃ ጨርቅ ላይ ቀለም የሚታተምበት ሊጥ ውስጥ ዩሪያ ይገባል፤ ገበሬው የሚያውቀው ያው ዩሪያ። ቢራ ፋብሪካ የእርሾ ዝቃጭ አለው፤ ቄራ ደም አለው። ይህ ሁሉ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ፍሳሽ መስመር ይገባል። በልቀት መዝገብ አሠራር ግን «ኢንዱስትሪ» የሚባለው ምዕራፍ የሚይዘው በኬሚካላዊ ሂደቱ ራሱ የሚፈጠረውን ጋዝ ነው። ፋብሪካው ቦይለሩ ላይ የሚያነደው ፈርነስ «ኢነርጂ» ውስጥ ይጻፋል። ፍሳሹ «ደረቅና ፍሳሽ ቆሻሻ» ውስጥ ይጻፋል። ያውም በራሱ ስም አይደለም። የፓነሉ መመሪያ የሕዝቡን ናይትሮጅን ከሚበላው ፕሮቲን አስልቶ፣ ከፋብሪካና ከንግድ ቤት የሚቀላቀለውን በ1.25 በማባዛት ብቻ ያካትተዋል። አንድ አገር የራሱ ልኬት ከሌለው የቆዳ ፋብሪካውም የቢራ ፋብሪካውም የቄራውም ናይትሮጅን ያቺ ሩብ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አቃቂና አንዲት ፋብሪካ የሌላት የገጠር ከተማ በአንድ ቁጥር ይባዛሉ። ይህን አሠራር የሠሩት ሰዎች መረጃ ለሌለው አገር መውጫ አበጁ እንጂ አላጠፉም፤ ጥፋቱ መውጫውን ቤት አድርጎ መኖር ነው።

አቃቂ ላይ ይህን ለማየት የሚመች ቦታ የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ለረጅም ጊዜ እዚያ ኩሬዎች ብቻ ነበሩት፤ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ገደማ የሚቀበሉ፣ ፀሐይና ጊዜ የሚያጣሯቸው። በ2018 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተገነባው አዲሱ ጣቢያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ማስተናገድ ይችላል። ፍሳሹ መጀመሪያ አየር በማይገባባቸው ገንዳዎች ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ እዚያ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ሚቴን ያወጣሉ። ቀጥሎ በትልልቅ ክብ ገንዳዎች ውስጥ በታጨቀ ማጣሪያ ላይ የሚሽከረከር ቧንቧ ፍሳሹን እየረጨ ያንጠባጥበዋል። ማጣሪያው ላይ የበቀለው አረንጓዴ ቡናማ አተላ ላይ ውሃው ሲወርድ አየር ያገኛል፤ አሞኒያው ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትረስ ኦክሳይድ የሚወለደው በዚህ ለውጥ መሀል ነው፤ ልክ የክዌክዌው አሞኒያ በፕላቲኒየም መረብ ላይ እንደሚያደርገው፣ እዚህም ጥቂቱ መንገድ ይስታል። ያኛው በ900 ዲግሪ ነው፤ ይኸኛው በአቃቂ የቀን ሙቀት።

ስንት ነው? ጣቢያው በሙሉ አቅሙ ቢሠራና አንድ ሊትር ፍሳሽ 50 ሚሊግራም ናይትሮጅን ቢይዝ (ለከተማ ፍሳሽ የተለመደ መጠን ነው)፣ በዓመት 1,825 ቶን ናይትሮጅን ይገባበታል። የፓነሉ በ2019 የተሻሻለው መመሪያ አየር ለሚገባባቸው ማዕከላዊ ጣቢያዎች የሰጠው መለኪያ፣ ማለትም ወደ ጋዙ የሚለወጠው የናይትሮጅን ድርሻ፣ 0.016 ነው፤ በዚህ ሲሰላ 46 ቶን ገደማ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ወይም ወደ 12 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። መመሪያው ራሱ ግን ይህ ቁጥር ከ0.00016 እስከ 0.045 ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ርቀት ሦስት መቶ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው! ይህን ያህል የማይታወቅ ነገር ላይ ተመሥርቶ አንዱ አገር ከሌላው ይሻላል ብሎ መከራከር አይቻልም።

ይህን ስሌት ይዞ «እንግዲያው ማጣሪያ ባንሠራ ይሻላል» የሚል ሰው እንዳይነሳ ወንዙንም እንቁጠረው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን በምዕራብና በምሥራቅ አቋርጠው ደቡብ ላይ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። ብዙው የከተማዋ ቤት እስካሁን ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል፤ ያልተመጠጠው ወደ ጅረት ይሄዳል። ያው 1,825 ቶን ናይትሮጅን ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ ቢገባ፣ ወንዙ ጤነኛ ነው ብለን በተለመደው 0.005 መለኪያ ብናሰላ 14 ቶን ጋዝ ይወጣል። ነገር ግን በ2019 የወጣው መመሪያ ምግብ ለበዛበትና ኦክስጅን ላጣ ውሃ ሌላ መለኪያ አለው፤ 0.019። በዚህኛው ሲሰላ 54 ቶን ይሆናል፤ ከማጣሪያው የሚበልጥ። አባ ሳሙኤልን ያየ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሚስማማው ለመወሰን ብዙ አይቸገርም። ውሃው በእምቦጭ ተሸፍኗል፤ ከሥሩ አየር የለም። ለመብራት ኃይል የተገደበው ሐይቅ ዛሬ የከተማዋ የናይትሮጅን ማጠራቀሚያ ሆኗል። ጋዙን ብቻ ለይተን አየነው እንጂ፣ ካልተጣራ ወንዝ የሚመጣው ሚቴንም አለ፤ ኮሌራም አለ፤ ሰላጣው ላይ የሚቀረው ሄቪ ሜታልም አለ።

ስለዚህ አቃቂን ከክዌክዌ ጋር ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው የ«ኢንዱስትሪ»ውን ረድፍ ትቶ አንድን ኪሎ ናይትሮጅን ከተሠራበት እስከ ወንዝ ድረስ ቢከተለው የተሻለ ያያል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሪፖርቶቹ የተጻፉት በተለያየ ዘመን ነው፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ሪፖርት የወጣው በ2001 ነው። በዚያ ዘመን አንድ ኪሎ ናይትረስ ኦክሳይድ በ310 ይባዛ ነበር፤ ቀጥሎ 298 ሆነ፤ ዛሬ በፓሪስ ስምምነት ሪፖርቶች 265 ነው። አንዱን አገር ከድሮ ሪፖርት፣ ሌላውን ከአዲስ ሪፖርት ወስዶ የሚያወዳድር ሰው ምንም ሳይለወጥ ወደ 15 በመቶ የሚጠጋ «ልዩነት» ያገኛል። በጋዜጣና በማኅበራዊ ሚዲያ የምናየው ሠንጠረዥ አብዛኛው ይህን አያጣራም። ንጽጽር ከመሥራት በፊት ሁለቱንም ወደ ቶን ናይትረስ ኦክሳይድ መመለስ ነው ዘዴው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የታሪክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባቆምን ነበር። ነገር ግን የራሳችን ማዳበሪያ ፋብሪካ ጥያቄ ደጋግሞ የተነሳ ነው። ኢሉ አባቦር ያዩ ላይ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ይሠራል ተብሎ በሜቴክ የተጀመረው ብዙ ገንዘብ ከወጣበት በኋላ ሳይጠናቀቅ ቀረ። በ2016 የሞሮኮው ንጉሥ አዲስ አበባ ሲመጡ ከኦሲፒ ኩባንያ ጋር ድሬዳዋ ላይ ትልቅ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈረመ፤ እሱም በታሰበለት ጊዜ አልተሠራም። በነሐሴ 2025 ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ቡድን ሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተስማሙ፤ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት ነው የታቀደው፤ 40 በመቶው የኢትዮጵያ ነው። የተፈጥሮ ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ ይመጣል።

ጎዴ ሲጀምር የኢንዱስትሪው ረድፍ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ይጨመራል። ናይትረስ ኦክሳይድ ግን፣ ምርቱ ዩሪያ እስከሆነ ድረስ፣ አይጨመርም። ጥያቄው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። አሞኒያ አገር ውስጥ ካለ ቀጣዩ ፈተና አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ ለማዳበሪያ ብቻ ሳይሆን ለድንጋይ ካባና ለማዕድን ማፈንጃ የሚፈለግ ነውና። በዚያ ቀን ናይትሪክ አሲድ ፋብሪካ ይተከላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክዌክዌ ጋር አንድ ረድፍ ላይ እንቆማለን። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ከፕላቲኒየሙ መረብ ሥር፣ በዚያው ማቃጠያ ቅርጫት ውስጥ፣ ናይትረስ ኦክሳይዱን ወደ ናይትሮጅንና ኦክስጅን የሚሰብር ሁለተኛ ካታሊስት ይደረደራል፤ ከሚወጣው ጋዝ አብዛኛውን፣ ጥሩ ሆኖ ሲሠራ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ያጠፋል። አዲስ ፋብሪካ ሲሠራ ቦታውን አስቀድሞ መተው ርካሽ ነው፤ ቆይቶ መጨመር ግን ምርት ማቆም ይጠይቃል። ጀርመን በ2015 በፓሪሱ ጉባኤ ጊዜ ያስጀመረችው የናይትሪክ አሲድ ዘመቻ እንደ ዚምባብዌ ላሉ አገሮች ይህን መሣሪያና የመለኪያ ዕቃ በእርዳታ የሚያስገጥም ነው፤ ዚምባብዌ አባል ናት። የአሲድ ፋብሪካ ፈቃድ ለሚጠይቅ ባለሀብት ይህ ካታሊስት በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ላይ እንደ ግዴታ እንዲጻፍ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ማንንም መጠበቅ አያስፈልገውም፤ አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ብክለትን በመከላከል ላይ በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል።

አቃቂ ላይ ያለው ሥራ ግን ጎዴን አይጠብቅም። የሚያስፈልገው ልኬት ውድ አይደለም፦ በቃሊቲ ማጣሪያ ገንዳዎች፣ በመውጫው ቦይና ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል በሚገባበት አፍ ላይ የሚንሳፈፍ ክዳን፣ የጋዝ ናሙና የሚቀዳበት መርፌና ጠርሙስ፣ ናሙናውን የሚለይ ጋዝ ክሮማቶግራፍ። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲቀላቀልና በበጋ ፍሳሽ ብቻ ሆኖ ሲቀር ውጤቱ ስለሚለያይ በሁለቱም ወቅት መሄድ ግድ ነው። ከጎኑ የየፋብሪካው መውጫ ላይ ጠቅላላ ናይትሮጅን ቢለካ፣ ያቺ ሁሉን የምትሸፍን 1.25 ቀርታ የቆዳው ለብቻ፣ የቢራው ለብቻ፣ የጨርቃ ጨርቁ ለብቻ ይጻፋል። ያን ጊዜ ለአባ ሳሙኤል 0.005 ነው ወይስ 0.019 ተብሎ ከመመሪያ መምረጥ ይቀርና የውሃው የራሱ ቁጥር ሪፖርቱ ላይ ይገባል።